ምዕራፍ ስድስት፦ የጥጃ ደም ከምን ይሠራል?

በአርሲ ሁሩታ አጠገብ በአንድ አርሶ አደር በረት የተወለደች ዲቃላ ጥጃ ክብደቷ 25 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ በሰውነቷ የሚዘዋወረው ደም ሁለት ሊትር ያህል ነው። በደህና ተይዛ በቀን ግማሽ ኪሎ ከጨመረች በአራት ወሯ 85 ኪሎ ትደርሳለች፤ ያን ጊዜ ደሟ ወደ ስድስት ሊትር ተኩል ይጠጋል። አራት ሊትር ተኩል ደም በአራት ወር ውስጥ ተጨመረ ማለት ነው። ያ ደም የተሠራው ከበላችውና ከጠጣችው ነገር ብቻ ነው። የዚህ ምዕራፍ ነገር እሱ ነው።

ሒሳቡን ትንሽ እንግፋው። ደምን የሚያቀላውና ኦክስጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን የተባለው ፕሮቲን ነው። በጤነኛ ጥጃ አንድ ሊትር ደም ውስጥ 100 ግራም ያህል ሄሞግሎቢን አለ፤ በእያንዳንዱ ግራም ሄሞግሎቢን ውስጥ ደግሞ 3.4 ሚሊ ግራም ብረት ይገኛል። ስለዚህ ለአራት ሊትር ተኩሉ አዲስ ደም አንድ ግራም ተኩል ብረት ያስፈልጋል። የላም ወተት በአንድ ሊትር የሚይዘው ብረት ግን ግማሽ ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ጥጃዋ በየቀኑ አራት ሊትር ብትጠባ እንኳ በአራት ወር ከወተት የምታገኘው ብረት ሩብ ግራም አይሞላም። ከዚያም ላይ አንጀት የሚመጠው ከፊሉን ነው።

ወተት ለጥጃ ሁሉም ነገር ነው ብለን እናምናለን። ለአጥንቷ፣ ለጡንቻዋ፣ ለሙቀቷ እውነት ነው። ለደሟ ግን ወተት ብቻውን አይበቃም፤ ጥጃዋ በፍጥነት ባደገች ቁጥር ደግሞ ጉድለቱ ይሰፋል።

የሙሉ ላም ጉዳይ ሌላ ነው። 300 ኪሎ የምትመዝን ላም 18 ሊትር ገደማ ደም አላት። የከብት ቀይ የደም ሴል ዕድሜው አምስት ወር ያህል ነው፤ የአሮጌዎቹን ቦታ ለመተካት የላሟ መቅኔ በየሰከንዱ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ሴሎችን ያመርታል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ላሟ ግን ለዚህ ሁሉ ሥራ ከውጭ የምትፈልገው ብረት ጥቂት ነው። አሮጌው ሴል ጣፊያና ጉበት ውስጥ ሲፈርስ ብረቱ አይጣልም፤ ተለቅሞ ወደ መቅኔ ይመለስና አዲስ ሴል ይሆናል። ያደገ እንስሳ ያለውን እያዞረ ይኖራል። የሚያድግ እንስሳ ግን የሚያዞረው ትንሽ ነው፤ በየቀኑ ከዚህ በፊት ያልነበረ ደም መጨመር አለበት። ድርቅ፣ ትል፣ የመኖ እጥረት ሲመጣ ቀድሞ ዐይኑ የሚነጣው ጥጃው፣ ግልገሉና ጠቦቱ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ደም የሚመረትበትን ቦታ ብዙ ሰው በዐይኑ አይቶታል፤ ያየው ግን የደም ፋብሪካ መሆኑን ልብ አላለው ይሆናል። የሰንጋ ቅልጥም ሲሰበር የሚወጣው መቅኔ ወደ ቢጫ የሚያደላ ቅባት ነው። የጥጃ ቅልጥም ግን ቀይ ነው። በፅንስ ጊዜ መጀመሪያ ጉበት ደም ያመርታል፤ ከዚያ ሥራው ወደ አጥንት ይዛወራል፤ ጥጃው ሲወለድ በአጥንቱ ሁሉ ያለው መቅኔ ደም አምራች ነው። እያደገ ሲሄድ የእግሮቹ ረጃጅም አጥንቶች ሥራቸውን ትተው ስብ ያጠራቅማሉ፤ ምርቱ በአከርካሪ፣ በጎድን፣ በፍርምባና በዳሌ አጥንቶች ይቀጥላል። ጥጃው ሁሉንም አጥንት ለደም ሥራ ያሰማራው ሥራው ከባድ ስለሆነ ነው። በረኃብ የሞተ ከብት ቅልጥም ሲሰበር ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል፦ ስቡ አልቆ ቦታውን ውሃ ያዘለ፣ የሚንቀጠቀጥ ዝልግልግ ነገር ይዞታል። በድርቅ ዓመት ከብት ያለቀባቸው አርቢዎች ይህን ያውቁታል።

መቅኔውን ሥራ የሚያዘው ኩላሊት ነው። በኩላሊት ውስጥ የሚያልፈው ደም የሚያደርሰው ኦክስጅን ሲያንስ፣ ኩላሊት ኤሪትሮፖየቲን የተባለ ሆርሞን ይለቅቃል፤ ሆርሞኑ መቅኔ ደርሶ ቀይ ሴል እንዲመረት ያደርጋል። ይህን መንገድ መጀመሪያ የጠረጠሩት ፖል ካርኖ የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪምና ባልደረባቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. 1906 ደም ከፈሰሰው ጥንቸል የወሰዱትን ሰረም ለጤነኛ ጥንቸል ሰጥተው ቀይ ሴሉ መጨመሩን አዩ። ሆርሞኑን አጥርቶ ለመለየት ግን ከዚያ ወዲያ 70 ዓመት ፈጅቷል።

እድገት ከዚህ ሥርዓት ጋር በሁለት በኩል ይገናኛል። የሚያድግ ሥጋ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ኩላሊት ሳያቋርጥ ይጠይቃል። አጥንትና ጡንቻን ለሚያሳድጉት ሆርሞኖች ደግሞ መቅኔውም ይነቃላቸዋል። ሥርዓቱ መልካም ነው፤ ትእዛዙ ይደርሳል። ትእዛዙ ከደረሰ በኋላ መቅኔው የሚሠራበት ብረት፣ ፕሮቲን፣ መዳብና ቫይታሚን ከሌለ ግን የኩላሊት ልመና ብቻውን ደም አይሆንም።

ጥጃ ስትወለድ ከእናቷ ማሕፀን ይዛው የወጣችው የብረት ስንቅ በጉበቷ ውስጥ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውነቷና የደሟ ፈሳሽ በፍጥነት ይጨምራል፤ መቅኔው እኩል አይራመድም፤ ስለዚህ በአንድ ጠብታ ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ይወርዳል። ከማሕፀን ይዛው የመጣችው የፅንስ ሄሞግሎቢንም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ ውስጥ በአዋቂ ሄሞግሎቢን ይተካል። ይህ መውረድ በራሱ በሽታ አይደለም። የሁለት ወር ጥጃ ደም ከእናቱ ደም ቢቀጥን የሚጠበቅ ነው። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይነሳ ይሆን ወይስ እየወረደ ይቀር ይሆን የሚለው ነው፤ መልሱም ጥጃዋ በታሰረችበት ገመድ ዙሪያ ባለው ሣር፣ በግርግሟ ባለው ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በአርሲ ደጋ አብዛኛው ጥጃ የሚያድግበትን ሁኔታ እናውቀዋለን። ላሟ ወተቷን እንድትለቅ መጀመሪያ ጥጃው ይጠባል፤ ጡቱ ሲሞላ ተጎትቶ ከፊቷ ይታሰራል፤ ላሟ እየላሰችው ትታለባለች፤ ከታለበ በኋላ የቀረችውን እንዲጠባ ይለቀቃል። እንገሩን ካገኘ፣ ከዚያም ጥቂት ቀን ቆይቶ ከደጅ ሣር መቀነጣጠብ፣ አፈር መላስ ከጀመረ ብረቱ ብዙ አያሳስብም። የአርሲ አፈር ብረት አለው፤ የሚግጥ እንስሳ ከሣር ጋር አፈር ይውጣል። የብረት ማነስ በሚግጡ ከብቶችና በጎች ላይ ከመኖ እጥረት ብቻ እምብዛም የማይታየው በአፈሩ ምክንያት ነው። ችግሩ የሚመጣው ጥጃው ከመሬት ሲለያይ ነው፦ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ በጠባብ ጋጣ፣ ወተት ብቻ እየጠጣ ወራት ሲቆይ።

ይህን ሆን ብለው ያደረጉ አገሮች አሉ። በአውሮፓ ነጭ የጥጃ ሥጋ ለማግኘት ጥጆችን ወተት ብቻ እያጠጡ፣ ሣርና ጭድ እየነፈጉ ያሳድጉ ነበር፤ ሥጋው የሚነጣው ጥጃው ደም ስላነሰው ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. 1997 ባወጣው መመሪያ የእነዚህ ጥጆች ሄሞግሎቢን በአማካይ ከተወሰነ መጠን እንዳይወርድ፣ ቃጫ ያለው መኖም እንዲሰጣቸው አስገድዷል። በአሳማ ግልገል ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ግልገሉ በቀን 7 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ሲፈልግ ከእናቱ ወተት የሚያገኘው አንድ ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ስለዚህ በዘመናዊ እርባታ በሦስተኛው ቀን ገደማ 200 ሚሊ ግራም ብረት በመርፌ ይወጋል። ሁለቱም ጉዳዮች ከአርሲ ሩቅ ይመስላሉ። ግን በከተማ ዳር ቤቱ ጓሮ ሁለትና ሦስት የፈረንጅ ላም አስሮ የሚያረባ ሰው በየዓመቱ እየበዛ ነው። ጥጃው ሲሚንቶ ላይ ይውላል፤ መሬት አይረግጥም፤ አፈር አይልስም። ይህ ሰው ገና በሁለተኛው ሳምንት ጥቂት ጥሩ ድርቆሽና ከእህል ጋር የተቀላቀለ ፋጉሎ ለጥጃው ማቅረብ አለበት፤ ይህን ማድረግ ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

የፈረንጅ ላም ነገር ከተነሳ የአርሲን ታሪክ ማንሳት ግድ ነው። እ.ኤ.አ. 1967 ኢትዮጵያና ስዊድን ተስማምተው በአሰላ ያቋቋሙት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ አገሬው ካዱ የሚለው፣ ስንዴና ማዳበሪያን ብቻ አላመጣም። የአርሲን ላም ከፍሪዥያንና ከጀርሲ ማዳቀል፣ ዲቃላ ጊደሮችን ለገበሬ ማከፋፈል ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ነበር። ውጤቱን መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የከብት ማዕከል እ.ኤ.አ. 1983 በታተመ ጥናት አቅርቦታል፦ ንጹሕ የአርሲ ላም በአንድ የአለባ ወቅት 800 ኪሎ ግራም ገደማ ወተት ስትሰጥ፣ ግማሽ ፍሪዥያን የሆነችው ወደ 2,000 ኪሎ ትጠጋ ነበር። ይህ ትልቅ ድል ነው። ድሉ ግን ስለ እናቲቱ ወተት ሲነገር፣ ስለ ጥጃዋ የዕለት ፍላጎት የተነገረው ትንሽ ነው።

በቀን 200 ግራም የሚጨምር የአገር ጥጃ በየቀኑ የሚጨምረው ደም 15 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ለዚያ የሚያስፈልገው ብረት 5 ሚሊ ግራም ነው። በቀን ግማሽ ኪሎ የሚጨምረው ዲቃላ ደግሞ ወደ 38 ሚሊ ሊትር ደም፣ ወደ 13 ሚሊ ግራም ብረት ይፈልጋል። ብረቱ ቀላሉ ነው። ሄሞግሎቢን ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲን ከሌለ ብረት ቢትረፈረፍ ምን ሊጠቅም? ከአርሲ መኖ ደግሞ የጎደለው እሱ ነው።

ከሁሩታ እስከ ኢተያ፣ ከኢተያ እስከ አሰላ ያለው ሜዳ የስንዴና የገብስ አገር ነው። የግጦሹ መሬት በእርሻ ተይዟል። የከብቱ ቀለብ በአብዛኛው ከኮምባይነር ኋላ የሚቀረው ገለባና ጭድ ነው። የስንዴ ገለባ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ከመቶ ሦስት ወይም አራት እጅ ነው። በሚያመሰኳ እንስሳ ጨጓራ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ደግሞ ገለባውን ለማብላላት ራሳቸው ፕሮቲን ይፈልጋሉ፤ መኖው ከመቶ ሰባት በታች ሲሆን ሥራቸው ይቀንሳል። ገለባው በሆድ ውስጥ ይቆያል፤ እንስሳው ጠግቦ ይመስላል፤ ሆዱ ተነፍቶ ጎድኑ ይቆጠራል። ደሙም ይቀጥናል።

የደሙ መቅጠን እንዴት እንደሚመጣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአይጦች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች በግልጽ አሳይተዋል። ፕሮቲን የሌለበት ምግብ የተሰጣቸው አይጦች በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀይ ሴል ማምረታቸው በጣም ወደቀ። መቅኔያቸው ግን አልሞተም፤ ኤሪትሮፖየቲን ሲሰጣቸው ወይም ኦክስጅኑ በሳሳ አየር ውስጥ ሲቀመጡ እንደገና ማምረት ጀመሩ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ፕሮቲን ሲጠፋ እድገት ይቆማል፤ እድገት ሲቆም ሥጋው የሚጠይቀው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ኩላሊትም መጠየቁን ይቀንሳል። ሰውነት ራሱን ከጎደለው ቀለብ ጋር ያስማማል። እድገቱ የቆመ ጥጃ ደሙ መጠነኛ ሆኖ ለወራት ሊኖር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ክረምቱ ገብቶ ለጋ ሣር ሲያገኝ ወይም ባለቤቱ የኑግ ፋጉሎ ሲገዛለት በአንድ ጊዜ ማደግ ይጀምራል፤ መቅኔው ላይ የሚመጣው ጥያቄም በአንድ ጊዜ ይከመራል። ሌላ ንጥረ ነገር ከጎደለ የሚጋለጠው ያን ጊዜ ነው። የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲኑ ከመቶ ሠላሳ ገደማ ስለሆነ በቀን ሁለት ጭብጥ እንኳ ከገለባ ጋር ሲሰጥ የጨጓራውን ሥራ ይቀይረዋል። ገለባን በዩሪያ አክሞ መስጠት ደግሞ በአገራችን ለብዙ ዓመታት ሲመከር የኖረ ዘዴ ነው፤ ለትናንሽ ጥጆች ግን አይሆንም፤ ጨጓራቸው ገና ስላልጠነከረ ይመርዛቸዋል።

ወደ ጥቃቅኖቹ ማዕድናት ስንመጣ ከሁሩታ ቁልቁል መመልከት አለብን። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጭላሎና ከባዳ ተራሮች በስተ ሰሜን ተቀምጣለች፤ ከበታቿ ስምጥ ሸለቆው ይዘረጋል። የሸለቆው አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድና ድንጋይ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የተደረጉ ጥናቶች በሣሩም፣ በከብቱና በበጉ ደምም የመዳብ እጥረት እንዳለ አሳይተዋል፤ እናታቸው መዳብ ያነሳት ግልገሎች የኋላ እግራቸውን እየጎተቱ ይወለዱ ነበር።

መዳብ ከደም ጋር ምን አገናኘው? እ.ኤ.አ. 1928 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ሃርትና ባልደረቦቹ ወተት ብቻ በሚመገቡ አይጦች ላይ አዩት። አይጦቹ ደም አነሳቸው፤ ንጹሕ ብረት ሲሰጣቸው አልዳኑም፤ ከብረቱ ጋር እጅግ ጥቂት መዳብ ሲጨመር ግን ዳኑ። ብረት በአንጀትና በጉበት ከተቀመጠበት ወጥቶ ወደ መቅኔ እንዲጓዝ መዳብ ያለባቸው ኢንዛይሞች ያስፈልጉታል። መዳብ ሲጠፋ ብረቱ ጎተራ ውስጥ ተቆልፎበት መቅኔው ይራባል። ይህ ለአርሲ አርቢ የሚጠቅም ነገር አለበት። አፈር ብረት ይሰጣል ብለናል፤ በጭቃማ ረግረግ የሚሰማራ ከብት ግን ከልክ በላይ አፈር ሲውጥ ያ ብረት መዳቡ እንዳይመጠጥ ያግዳል። አንዱን ጉድለት የሞላው አፈር ሌላውን ጉድለት ያመጣል። ምልክቱ በቀላሉ ይታያል፦ ጥቁሩ የዲቃላ ጠጉር ዝገት ወደ መሰለ ቀይ ዳማ ይለወጣል፤ በዐይኑ ዙሪያ ያለው ጠጉር ይነጣል። በጓሮዬ አንድ ጥቁር ጊደር ቢኖረኝ በየወሩ የምመለከተው ጠጉሯን ነበር።

ነገር ግን መዳብ ከመስጠት በፊት ባለሙያ ይጠየቅ። ለከብት የተዘጋጀ የማዕድን ቅልቅል ለበግ ሲሰጥ በጉን ሊገድል ይችላል። በግ ትርፉን መዳብ በጉበቱ ያጠራቅማል፤ አንድ ቀን ከጉበቱ በድንገት ሲለቀቅ ቀይ ሴሎቹ በሰዓታት ውስጥ ይፈርሳሉ፤ ሽንቱ ይጠቁራል፤ ዐይኑ ቢጫ ይሆናል። በአንድ በረት ላምና በግ የሚያድሩበት አገር ነውና ይህን ማወቅ ነፍስ ያድናል።

የኮባልት ታሪክ ከሁሉም ይልቅ ሰውን የሚያስተምር ይመስለኛል። በኒውዚላንድ ሰሜናዊ ደሴት መካከለኛ ክፍል፣ የእሳተ ገሞራ አመድ ባለበሰው አፈር ላይ፣ ሣሩ ለምለም ነበር፤ በጎቹና ከብቶቹ ግን እዚያው ለምለም ሣር ውስጥ ቆመው ይከሱ፣ ደማቸው ይነጣ፣ ይሞቱ ነበር። ወደ ሌላ መሬት ሲወሰዱ ይድኑ ነበር። የግብርና መሥሪያ ቤቱ ኬሚስት በርናርድ አስተን ጉድለቱ የብረት ነው አለ፤ ሊሞናይት የተባለ የብረት ማዕድን ተፈጭቶ ሲሰጥ እውነትም እንስሳቱ ዳኑ። ነገሩ ያለቀ መሰለ። ግን አንዱ ሊሞናይት ሲያድን ሌላው አያድንም፤ ብረት የበዛበት ማዕድን አንዳንዴ ምንም አይሠራም። በምዕራብ አውስትራሊያ ኤሪክ አንደርውድና ባልደረባው ፊልመር የሚያድነውን ሊሞናይት ወስደው ብረቱን አወጡለት፤ ብረት አልባው ቀሪም አዳነ። ከዚያ ማዕድኑን በየክፍሉ እየነጣጠሉ ሲፈትሹ እ.ኤ.አ. 1935 ኮባልት ላይ ደረሱ። በዚያው ዓመት በደቡብ አውስትራሊያ ማርስተንና ላይንስም ወደዚያው መደምደሚያ ደረሱ። በግ በቀን የሚያስፈልገው ኮባልት ከአንድ ሚሊ ግራም አሥረኛ ገደማ ነው፤ ያ ሲጠፋ መንጋ ያልቃል።

ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ 13 ዓመት ፈጀ። በዚያው ዘመን የሰው ሐኪሞች በሌላ መንገድ ይሄዱ ነበር። ጆርጅ ዊፕል ደም ያነሳቸውን ውሾች ጉበት እያበላ ደማቸው በፍጥነት እንደሚመለስ አሳየ፤ ማይኖትና መርፊ እ.ኤ.አ. 1926 ገዳይ የነበረውን የሰው የደም ማነስ በሽታ ጉበት በማብላት አዳኑ፤ ሦስቱ እ.ኤ.አ. 1934 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። በጉበቱ ውስጥ የነበረው ነገር እ.ኤ.አ. 1948 ተጣርቶ ሲወጣ ቫይታሚን ቢ12 ተባለ፤ መካከሉ ላይ አንድ የኮባልት አቶም ተቀምጣለች። ይህን ቫይታሚን እንስሳም ዕፅም አይሠሩትም፤ የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ብቻ ናቸው። በበግና በከብት ጨጓራ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ከሣሩ የሚመጣውን ኮባልት ወስደው ቢ12 ይሠራሉ፤ እንስሳው ከዚያ ይወስዳል፤ እኛም ከሥጋውና ከወተቱ እንወስዳለን። ከእኛው ስምጥ ሸለቆ በስተ ደቡብ፣ በኬንያ ናኩሩ፣ በዚህ ጉድለት የሚመጣውን የከብት ክሳት አርቢዎች በከተማዋ ስም ይጠሩት ነበር፤ የዚያም አፈር የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

የኦሮሞ አርቢ ከብቱን በየጊዜው ሆራ ማጠጣቱ፣ ቦሌ አፈር ማስላሱ፣ ደጋው ሰው አሞሌ ማቅረቡ በዚህ ዐይን ሲታይ ትልቅ ጥበብ ነው። የየሆራው ውሃ ይለያያል፤ ሁሉም ሁሉን ማዕድን አይሰጥም፤ ጨው ብቻ የሚሰጥም አለ። ግን አንዳንድ ጉድለት ከሣር እንደማይሞላና ከብት ሌላ ቦታ ሄዶ መላስ እንዳለበት አርቢው ከአንደርውድ በፊት ያውቅ ነበር።

እስከ አሁን ያወራነው ስለሚሠራው ደም ነው። በአርሲ ደጋ የሚጠፋው ደምም ብዙ ነው፤ የሚጠፋውም እድገት በሚፋጠንበት በዚያው ወራት ነው። ሰኔ ላይ ማሳው ሁሉ ይዘራል፤ ከብትና በጉ ወደ ረግረጉ ዳርቻና ወደ ጠባቡ የወል ግጦሽ ይገፋል። ረግረጉ ውስጥ የጉበት ትልን የምታዛምተው ትንሽ ቀንድ አውጣ አለች። እርጥቡ ሣር ላይ ደግሞ የሄሞንከስ ዕጭ ይጠብቃል፤ ይህ ትል በበግና በፍየል አራተኛ ጨጓራ ውስጥ ተጣብቆ ደም ይጠጣል። አንድ ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ያጠፋል፤ ትንሽ ይመስላል። አንድ ሺህ ትል ያለበት 15 ኪሎ ጠቦት ግን በቀን 50 ሚሊ ሊትር ያጣል፤ ጠቅላላ ደሙ አንድ ሊትር ነው። ከሃያ አንዱን በየቀኑ እያጣ፣ በተጨማሪም ማደግ አለበት። ከደሙ ጋር ብረቱም ፕሮቲኑም ይወጣል። መንጋጭላው ሥር ውሃ ቋጥሮ ሲያብጥ ፕሮቲኑ ከደሙ ማለቁን ይናገራል። ተመሳሳይ ትል ካለባቸው ሁለት ጠቦቶች ፋጉሎ የሚበላው ይቋቋማል፤ ገለባ ብቻ የሚበላው ይሞታል። መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል እንጂ የፈሰሰውን ደም አይመልስም፤ ደሙን የሚመልሰው መኖው ነው።

ይህን ለመለየት ላቦራቶሪ አይጠበቅም። በደቡብ አፍሪካ የተሠራውና ፋማቻ የተባለው ባለ አምስት ቀለም ካርድ አሠራሩ የበጉን የታችኛውን የዐይን ሽፋን ገልብጦ ከካርዱ ቀለም ጋር ማስተያየት ነው፤ ቀዩ ይለቀቃል፤ የነጣው ብቻ መድኃኒት ይወስዳል። መንጋውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከማጠጣት ይሻላል፤ ትሎቹም መድኃኒቱን እንዳይለምዱት ይረዳል። ካርዱ ባይኖር እንኳ በፀሐይ ብርሃን፣ በጠዋት፣ ጠቦቶቹን ከእናቶቻቸው ለይቶ ማየት ይቻላል።

ከመኖ የሚመጣ ሌላ አደጋም አለ። በመቂና በዝዋይ ዙሪያ በመስኖ የሚመረተው ሽንኩርት ገበያ ሲረክስ የተጣለው ክምር ለከብት ይቀርባል። ጥቂት አይጎዳም፤ በብዛት ለተከታታይ ቀናት ሲበላ ግን በሽንኩርት ውስጥ ያለው ድኝ ያዘለ ኬሚካል ቀይ ሴሎችን ከውስጥ ይጎዳቸዋል፤ ሴሎቹ ይፈርሳሉ። ከብት ከበግና ከፍየል ይበልጥ ይጎዳበታል።

ደም መብዛቱ ደግሞ ሁልጊዜ ጤና አይደለም። በፍጥነት እንዲያድግ የተመረጠ የሥጋ ዶሮ በከፍታ ላይ ሲያድግ ይህ ይታያል። ሥጋው ከሳንባውና ከልቡ ቀድሞ ያድጋል፤ ኦክስጅን ያንሰዋል፤ መቅኔው ቀይ ሴል ያበዛል፤ ደሙ ይወፍራል፤ የልቡ ቀኝ ክፍል ወፍራሙን ደም በሳንባ ውስጥ መግፋት ያቅተዋል፤ ሆዱ ውሃ ይሞላል፤ ይሞታል። በሜክሲኮና በቦሊቪያ ከፍታዎች አርቢዎችን ብዙ ያስለቀሰ በሽታ ነው። መከላከያው መኖ መቀነስ ነው፦ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት እድገቱን ገታ ማድረግ። በሁሩታ ከፍታ የሥጋ ዶሮ ለማርባት የሚያስብ ወጣት ይህን አስቀድሞ ይወቅ። የአገር ከብታችን ግን ከፍታውን ለምዶታል፤ እ.ኤ.አ. 2011 በታተመ ጥናት በሰሜን ጎንደር ከፍታዎች የሚኖሩ የአገር ከብቶች የሳንባ ደም ግፊት ሳያስቸግራቸው እንደሚኖሩ ታይቷል። በሌላ አገር ግን በዚያ ከፍታ የሚገባ ከብት በልብ ድካም ሊወድቅ ይችላል።

አሰላ በሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪም ሆነ በሌላ ቦታ ደም ሲመረመር የሚደረገውን ማየት ለማንም አርቢ ይጠቅማል። ከእንስሳው የተወሰደው ደም ፀጉር በመሰለ ቀጭን የመስተዋት ቱቦ ይሞላል፤ አንድ ጫፉ ይታሸጋል፤ በማሽን አምስት ደቂቃ ያህል በከፍተኛ ፍጥነት ይሽከረከራል። ሲወጣ ሦስት ነገር ይታያል፦ ከታች ቀዩ የሴል ክምር፣ በላዩ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር፣ ከዚያ በላይ ፈሳሹ። ለምለም ሣር የበላ ከብት ፈሳሹ ወርቅማ ቢጫ ነው፤ የበግና የፍየል ግን ቀለም አልባ ነው ማለት ይቻላል። ቀዩ ክምር ከቱቦው ከመቶ ስንት እንደያዘ ይለካል። ለከብት ከ24 እስከ 46 ባለው ውስጥ ከሆነ ደህና ይባላል።

ያ ቁጥር ብቻውን ግን ያሳስታል። ተቅማጥ ይዞት ውሃ ያጠረው ጥጃ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ደመ ብዙ ይመስላል፤ ውሃ ሲጠጣ እውነተኛው መጠን ይታያል። ሲያዝ የደነገጠ በግ ወይም ፈረስ ጣፊያው ተኮማትሮ ያስቀመጠውን ሴል ይለቅቃል፤ ቁጥሩ በደቂቃ ውስጥ ይወጣል። የፍየል ቀይ ሴል በጣም ትንሽ ስለሆነ ብዛቱ ከከብት ቢበልጥም ክምሩ አነስተኛ ነው። የሁለት ወር ጥጃ 27 ቢሆን ላያሳስብ ይችላል፤ ያንኑ ቁጥር በስምንት ወሩ፣ ከክረምት በኋላ፣ ገለባ ብቻ በልቶ ካሳየ ጉዳዩ ሌላ ነው። ስለዚህ ደም ወደ ላቦራቶሪ የሚልክ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከቱቦው ጋር የእንስሳውን ዕድሜ፣ ዘሩን፣ ባለፈው ወር የጨመረውን ክብደት፣ የሚበላውን መኖ ዓይነት፣ የት እንደሚሰማራና በምን ላይ እንደሚያድር ቢጽፍ መልካም ነው። ክብደት የሚለካበት ሚዛን ከሌለ በደረት ዙሪያ የሚታሰረው የመለኪያ ገመድ ይበቃል፤ በየወሩ በአንድ ደብተር ላይ ከተመዘገበ ቀጣዩ የደም ውጤት ሲመጣ የሚነጻጸርበት ነገር ይኖራል።